ምስክር ያልቀረበበት ስላይድ

ወደ ከሚሴ ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በአንድ የጤና ማሠልጠኛ የላብራቶሪ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ቲዩብ በእጇ ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና፣ «መምህርት፣ ምንም ያልጨመርንበትን ምን ብዬ ልጻፍበት?» አለችኝ። መልሱን ለመስጠት ዘገየሁ። ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም። በአንድ ወቅት በቲዩብ ክዳን ላይ የጻፍኩት ሁለት ቃል የሰው ነፍስ ሊያጠፋ ደርሶ ስለነበር ነው። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው።

የሥራ ዘመኑን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ከሞላኝ ገና ጥቂት ወራት ናቸው። ቢሆንም ያ ሥራ ለእኔ አብቅቷል፤ ፒፔት የምይዘው አሁን ለማሳየት ብቻ ነው። ነገሩ ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

አባቴ ከሚሴ ውስጥ ልኳንዳ ቤት አለው። ልጅ ሳለሁ ደንበኛ ሲገባ አፍሬ ከሥጋው መስቀያ ጀርባ እደበቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲም ገብቼ ያው ነኝ፤ ባዮሎጂ ያጠናሁት ሥራው ከሰው ይልቅ ከብልቃጥ ጋር ይሆናል ብዬ ነው። እንደተመረቅሁ አዲስ አበባ በአንድ የምርምር ቤተ ሙከራ ተቀጠርኩ። ቅጥሩ በየዓመቱ በደብዳቤ የሚታደስ ነበር፤ ደመወዙም ለቤት ኪራይና ለታክሲ ይበቃል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ይማም ናቸው። ባቲ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በቤተ ሙከራ ያሳለፉ ቴክኖሎጂስት ነበሩ። የወሎ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ አሉኝ። «ነጋ»፣ ሰላም፣ ብዬ መለስኩ፤ በዚያች ቃል ተዛመድን። ከዚያ በኋላ መዲና የሚለውን ስሜን ቆርጠው «መዲ» ይሉኝ ጀመር።

በመጀመሪያው ሳምንት ከበረዶ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቲዩብ አውጥተው አሳዩኝ።

«መስጊድ የሚማር ደረሳ ኪታብ ሲገለብጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«ዓይኑ የት ነው?»

«ኪታቡ ላይ።»

«ዲኤንኤ የሚሠሩት ሌሎቹ ኢንዛይሞች እንደዚያ ደረሳ ናቸው። ፊታቸው የተዘረጋውን እያዩ ይገለብጣሉ። የሚያዩት ከሌለ ብዕራቸው አይንቀሳቀስም። ይሄኛው ግን ኪታብ አይፈልግም። የመጨረሻውን ፊደል ካገኘ ከዚያ ቀጥሎ ከራሱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ይጨምራል።»

«ታዲያ ውሸት አይጽፍም?»

ሳቁ። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሸትም እውነትም አይደለም፤ ማንም ያላሰበውን ነው የሚጽፈው። ሰውነታችን ገና ያላጋጠመውን በሽታ ለመለየት የሚዘጋጀው በከፊል በዚህ ነው።»

የኢንዛይሙ ሙሉ ስም አንድ መስመር ይሞላል። ሰው ሁሉ ባጭሩ ቲዲቲ ይለዋል። ጋሽ ይማም ግን የሚገለብጠው ናሙና ስለማይሻ «ናሙና አልባው» ይሉት ነበር። ስሙን ወደድኩት። ይህን ስም መውደዴን አንባቢ ያስታውስልኝ።

በዚያ ክፍል ዋናው ሥራችን የሞቱ ሴሎችን መቁጠር ነበር። ሴል ራሱን በራሱ ሲገድል ዲኤንኤው ይቆራረጣል። ናሙና አልባው የተቆረጠ ጫፍ ባገኘ ቁጥር ይቀጥልበታል፤ እኛ ደግሞ የሚቀጥለውን ፊደል ቀለም አስይዘን እናቀርብለታለን። በማይክሮስኮፕ ስናይ የሞተው ሴል ብቻ ያበራል። አንዳንድ ጊዜ ጫፉ ምን እንደሆነ የማይታወቅ የዲኤንኤ ቁራጭ ይመጣል። ያኔ አንድ ዓይነት ፊደል ደጋግሞ እንዲቀጥልበት እናደርጋለን። እንደ ጭራ ይረዝማል፤ ጭራው መያዣ ይሆነንና ቁራጩን ጎትተን እናነበዋለን።

ኢንዛይሙ ኮባልት ይወዳል። የኮባልቱ ፈሳሽ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ጋሽ ይማም ቲዩቡን ከነጭ ወረቀት ፊት ይይዙትና ሮዝነቱ ካላጠገባቸው ያለ ክርክር ይደፉታል። ኢንዛይሙን የሚያቀላቅሉት ሳይንጡ፣ በጥፍራቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ ነበር። «የተኛ ሕፃን ነው፣ ትቀሰቅሺዋለሽ እንጂ አታስደነግጪውም» ይላሉ። ከዕረፍት በተመለሱ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ነበራቸው፤ ፍሪጁ ውስጥ ያሉትን ቲዩቦች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱና የቀረውን መጠን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያሉ። እኔ ይህን የሽማግሌ ልማድ አድርጌ ነበር የማየው።

ከልማዶቻቸው ሁሉ የጠበቀው ግን ምስክር የሚሉት ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ የምንፈልገው ነገር እንዳለበት አስቀድመን የምናውቀው አንድ ሥጋ አብሮ ይቀለማል። ጋሽ ይማም ዓይናቸው በሌላው ስላይድ ላይ ከማረፉ በፊት እሱን ያዩታል። እሱ ካልቀለመ የሌላው አለመቅለም ምንም አይናገርም። «አለ ማለት ቀላል ነው፣ ይታያል» ይሉ ነበር። «የለም ለማለት ነው ምስክር የሚያስፈልገው።»

ለሞቱት ሴሎች ሥራ ከሁሉ የተሻለው ምስክር በደረት ውስጥ፣ ከልብ በላይ ያለው የጥጃ እጢ ነው። ናሙና አልባው ራሱ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ይህን ለአባቴ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ።

«ይሄን ለማወቅ ነው አራት ዓመት የተማርሽው? ጡት ያልተወ ጥጃ ላይ እፍኝ ይሞላል። በሬ ላይ ብትፈልጊው ስብ ነው የምታገኚው፤ ሲያረጅ ይጠፋል።»

«ልክ ነህ፣ መጽሐፉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ ከማን ሰማ ታዲያ?»

እግሩ ተሰብሮ የታረደ፣ የከሚሴ ጎረቤት የጨፋ ጥጃ እጢ በፎርማሊን ተነክሮ በአውቶቡስ መጣልኝ። ጋሽ ይማም እንዳይበላሽ በሰም ውስጥ ካስቀመጡት በኋላ በሰሙ ሳጥን ላይ «የመዲ አባት» ብለው ጻፉበት።

ከሁለት ዓመት በኋላ የምርምሩ ፕሮጀክት አለቀ፤ ጋሽ ይማምና እኔ በአንድ ሆስፒታል ወደሚገኝ የበሽታ ምርመራ ክፍል ተዛወርን። እዚያ ቲዲቲ መሣሪያችን መሆኑ ቀርቶ ምልክት ሆነ። ኢንዛይሙ የሚገኘው ገና ለጋ በሆኑ የደም ሴሎች ውስጥ፣ በደረት እጢና በአጥንት መቅኔ ነው። ባደገ ሰው አንገት ላይ ባበጠ እጢ ውስጥ በብዛት ከታየ፣ ያ ሴል ያለ ቦታው ያለ፣ በፍጥነት የሚባዛ ካንሰር ነው ማለት ነው። በሽታው ይፈጥናል፤ ነገር ግን ተለይቶ በጊዜ መድኃኒቱ ከተጀመረለት ሊድን የሚችል ነው። የምንለየው ኢንዛይሙን ፈልጎ በሚጣበቅ አንቲቦዲ በሚባል ፈሳሽ ነበር። ኢንዛይሙ ካለ የሴሉ አስኳል ቡናማ ይሆናል፤ ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ውጤቱን አንብበው የሚፈርሙት ዶክተር ሰናይት ነበሩ፤ ፈጣን፣ ትክክለኛ፣ እየተራመዱ የሚናገሩ ሐኪም።

አንቲቦዲው የሚመጣው በትንሽ ጠርሙስ ነው። በየጊዜው እንዳይከፈት ስድስት ቦታ ከፈልኩት። በቲዩቡ ክዳን ላይ የሚበቃው ሁለት ቃል ስለሆነ፣ የምወደውን ስም ጻፍኩ፤ «ናሙና አልባ»።

በዚያው ፍሪጅ ከጎረቤት ክፍል የመጣ ባልደረባችን የራሱን ቲዩቦች ያስቀምጥ ነበር። የእሱ ሥራ የደም ምርመራ ነው። ለእሱ ናሙና ማለት፣ ለሰው ሁሉ እንደሆነው፣ ከበሽተኛ የተወሰደ ነገር ነው። ምንም የበሽተኛ ነገር ያልገባበት፣ ለማነጻጸሪያ የሚይዘው ባዶ ፈሳሽ ነበረው። ክዳኑ ላይ የጻፈው «ናሙና አልባ» ነው። የእሱም አልተሳሳተም፤ የእኔም አልተሳሳተም። ሁለቱም ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው።

ሀዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ከጨፋ ሮቢት። አንገቷ በግራ በኩል አብጦ፣ ስትራመድ ትንፋሽ እያጠራት ነበር። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮታችን ሲመጡ የአገሬ ሰው መሆናቸውን በአነጋገራቸው አወቅሁ። የከሚሴ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አልሀምዱሊላህ፣ የአገሬ ልጅ አለች እዚህ! በይ አደራ፤ ለእኔ ሌላ ልጅ የለኝም።»

ሀዋ ከኋላቸው ሆና፣ «እማ፣ እሷ ሐኪም አይደለችም፤ ቀለም ቀቢ ናት» አለች። መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን «የስላይድ ማቅለሚያ» የሚል ጽሑፍ አንብባ ነው። ሳቅሁ። ከእንግዳ ሰው ጋር ቶሎ የሳቅሁበት ቀን ብዙ አይደለም።

ጋሽ ይማም የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ባቲ ሄደው ነበር። ለዚህ ሥራ የምስክርነት ሥጋ የምናስቀምጥበት ሰም ላይ የቀረው ስስ ነበር፤ ሁለት ወይም ሦስት ቅዳጅ፣ ለስላይድ የሚሆን ስስ ቁራጭ፣ ቢወጣው ነው። እሱን ልጨርሰው ወይስ ላቆየው? ሌላ ይኖር እንደሆነ ደውዬ ልጠይቃቸው አስቤ ስልኩን አነሳሁ። ከቤተሰባቸው ጋር ናቸው፣ ምን ይሉኛል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ይሉኝታ ከቁጥብነት ጋር መልኩ አንድ ነው፤ ለራሴ ቁጠባ ነው አልኩት። የሀዋን ስላይድ ያለ ምስክር ቀለምሁ። ከፍሪጁ ያነሳሁትም ቲዩብ የባልደረባዬ ነበር።

ስላይዱ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ዶክተር ሰናይት በማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ እንዳሉ፣ «ምስክሩ ሠርቷል አይደል?» አሉኝ።

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። እንደምናደርገው፣ ያለ ቃል። «እየሰማሁ ነው» ማለቴ ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ ለራሴ ተናግሬያለሁ። ይህ ግን ትክክል አይደለም። እሳቸው እንዴት እንደሚሰሙት አውቅ ነበር። «አዎ» ብለው ሰሙት፤ «ቲዲቲ የለም» ብለው ፈረሙ። ባሉን ሌሎች ጥቂት ቀለሞች ሲመዘን በሽታው ቀስ ብሎ ከሚሄደው ዓይነት ተቆጠረ። ሀዋ ከሁለት ወር በኋላ እንድትመለስ ተነግሯት ወደ ጨፋ ሮቢት ሄደች። ስትወጣ በመስኮቱ በኩል እጇን አውለበለበችልኝ።

ጋሽ ይማም የሀዋ ስላይድ በተቀለመ በአሥራ አንደኛው ቀን ከፈቃድ ተመለሱ። ከባቲ ያመጡልኝን ተምር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና እንደ ልማዳቸው ወደ ፍሪጁ ሄዱ። ቲዩቦቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አነሱ። ከዚያ መዝገቡን ገለጡ። ከዚያ እንደገና ቲዩቦቹን አነሱ።

«መዲ።»

«አቤት።»

«ስድስት ቦታ ከፍለሻል። ስድስቱም ሙሉ ናቸው። የዛሬ አሥር ቀን የጨፋዋን ልጅ የቀለምሽው በምንድን ነው?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰሙን፣ ስልኩን፣ ትንፋሹንም። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። የባልደረባዬን ቲዩብና የእኔን ጎን ለጎን አቁመው ክዳኖቹን አነበቡ።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ስሚኝ፤ በዕቃ ላይ ያለበትን ጻፊ እንጂ የሌለበትን አትጻፊ። የሌለበት ነገር ማለቂያ የለውም።»

ከመሳቢያቸው በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ስላይዶች አወጡ። ለክፉ ቀን ያስቀመጧቸው የምስክር ቅዳጆች ነበሩ። ብደውልላቸው ኖሮ የት እንዳሉ በአንድ ቃል ይነግሩኝ ነበር።

በዚያው ቀን እንደገና ቀለምነው። ከሰዓት በኋላ ምስክሩ በማይክሮስኮፑ ሥር ገባ፤ ቡናማ። የሀዋ ስላይድ ገባ። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነበር። ለዶክተር ሰናይት የነገርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ፤ ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ አንድ ቃል ግን አላገዙኝም። ዶክተር ሰናይት መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ልጅቷን አሁኑኑ አግኙልኝ» የሚል ነው። ለእኔ የሚገባኝን የተናገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። በማኅደሬ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለ፤ ትክክለኛ ደብዳቤ ነው።

በካርዷ ላይ የነበረው የአጎቷ ስልክ ዝግ ነበር። ደጋግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ከብት የሚገዛው ጨፋ ሮቢት ነው።

«ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«አባ፣ ሰው ፈልግልኝ። ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ፤ ሀዋ የምትባል አንገቷ ያበጠ ልጅ አለቻቸው። ባስቸኳይ መመለስ አለባት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ምን እንዳጠፋሁ አልጠየቀኝም። «ከብት ነጋዴ የማያውቀው ቤት የለም፤ አንቺ ብቻ ነይ» አለኝ።

በማግስቱ ከሚሴ ስደርስ ቤቱን አግኝቶታል። አብረን ሄድን። መንገዱን በሙሉ የምለውን በልቤ ሳሰናዳ፣ አባቴ በጨፋ ሜዳ ላይ ስላለው ማሽላ ያወራ ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ ከደጅ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«የአገሬ ልጅ! ኮታ፣ ኮታ፣ ግቡ!»

ሀዋ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። በጀርባዋ መተኛት አቅቷት በተቀመጠችበት ማደር ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዛሬውኑ መሄድ እንዳለባት ነገርኳቸው። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ወይዘሮ ዘይነባ ሌላ ልብስ ሊያወጡ ሲነሱ፣ «ይቆዩ» አልኳቸው።

«የመጀመሪያው ውጤት የተሳሳተው በእኔ ነው። የተሳሳተ ዕቃ አነሳሁ። መጠየቅ ሲገባኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ሐኪሟ ሲጠይቁኝም በቃል ሳልመልስ ትንፋሼን ስቤ አለፍኩ። ሁለት ሳምንት ያህል የጠፋባት በእኔ ነው። አውፍ በሉኝ፤ ይቅር በሉኝ።»

ወይዘሮ ዘይነባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከእኔ ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ እጄን ግን አልያዙም። «አንገቷ ያበጠው እሷ ናት። እሷን ጠይቂ።»

ወደ ሀዋ ዞርኩ። ቃላቱን በትንፋሽ እየከፋፈለች ተናገረች።

«አሁን… አልልሽም። አሁን ብል… ፈርቼ ነው የሚሆነው። ድኜ ስመጣ… ጠይቂኝ።»

ትንሽ ቆይታ፣ «ቀለም ቀቢዋ» አለችና ፈገግ አለች።

ሕክምናው ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ፀጉሯ ሁለት ጊዜ ረገፈ። አንድ ጊዜ ተስፋ የተቆረጠበት ሳምንት ነበር፤ ወይዘሮ ዘይነባ ከአልጋዋ ሥር ተቀምጠው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። የሀዋን ስላይዶች ሁሉ እኔ ቀለምኳቸው፤ ልተወው ብል ጋሽ ይማም ከለከሉኝ። «የሚፈራ እጅ ነው የሚያስፈልጋት» አሉ። በክዳኖቹ ላይ ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው የፈሳሹ ስምና የተከፈለበት ቀን ሆነ። ምስክሩን ሁልጊዜ መጀመሪያ አየው ነበር፤ ዶክተር ሰናይትም ሲጠይቁኝ ከወንበሬ ተነስቼ «ሠርቷል» እል ነበር፣ በቃል። መጀመሪያ ይገርማቸው ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ሀዋን በየጊዜው አልጋዋ ድረስ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር፤ ያንን ጥያቄ ግን አላነሳሁትም፣ እሷም አላነሳችውም።

ከዚያ ጋሽ ይማም ጡረታ ወጡ። በመጨረሻው ቀን ለእኔ የሰጡኝ ያንን ኮባልቱን የሚያዩበትን ነጭ ወረቀት ነው፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ክፍሉም ሴሎቹን ስላይድ ላይ ሳይቀለሙ የሚለይ አዲስ መሣሪያ ገባለት። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ የማዝንበት ነገር የለኝም። ከሚሴ አስተማሪ ይፈለጋል ሲባል አመለከትኩ። ዝምተኛ ሰው ምን ሊያስተምር ነው ያሉኝ ነበሩ። ዝም ማለት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስፈልግ ግን አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት ለጠየቀችኝ ተማሪ የመለስኩላት የጋሽ ይማምን ቃል ነው፤ «ባዶ አይደለም፤ ፈሳሽ አለበት። ያለበትን ጻፊ» አልኳት። ጽፋ ሄደች።

ሀዋ የመጣችው ባለፈው ዓመት፣ ከአረፋ በዓል ቀደም ብሎ ነው። ከክፍል ወጥቼ አባቴ ልኳንዳ ቤት ቆሜ ነበር። ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች፣ ፊቷ የሞላ ሴት ገብታ ግማሽ ኪሎ ጉበት ጠየቀች። በድምፅዋ ነው ያወቅኳት። ትንፋሽ ሳያጥራት ስትናገር የሰማኋት ጥቂት ጊዜ ስለሆነ፣ እሱንም ቆይቼ ነው።

«ቀለም ቀቢዋ! መድኃኒቱን ከጨረስኩ ወራት አለፉኝ፤ ለምርመራ ብቻ ነው የምመላለሰው። አንቺ ግን ጥያቄሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም።»

«እንግዲያ ጠይቂኛ! ከጨፋ ድረስ የመጣሁት ለጉበት ብቻ መሰለሽ?»

ሌሎች ደንበኞች ነበሩ። ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። በልጅነቴ የምደበቅበት መስቀያ በስተቀኜ ነበር።

«ሀዋ» አልኩ፣ «አውፍ በይኝ።»

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

በቂ ነበር፤ ለማንም ይበቃል። ደንበኞቹም ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።

«በቃል በይው» አልኳት።

እቤታቸው የነገርኳት የትንፋሼ ነገር ትዝ አላትና እስኪያስላት ሳቀች።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለች፣ ልኳንዳ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ። ወደ አባቴም ዞረች። «ሰሙ አይደል፣ አባ?»

አባቴ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ሰምቻለሁ» አለ።